አንድ ሺህ ብር ለስንት ልጅ?

ሁለት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞችን እንውሰድ። ቢቸና ብለን ስንጽፍ 3 ፊደል ይበቃናል፤ ለሞጣ ደግሞ 2። በጣቱ ለሚያነብ ልጅ ግን ቢቸና 6 ቤት፣ ሞጣ 4 ቤት ትወስዳለች። ቤት የምለው ብሬይል የሚጻፍበትን ባለ 6 ነጥብ ቦታ ነው። የአማርኛ ብሬይል «ቢ»ን በአንድ ምልክት አይጽፍም፤ መጀመሪያ «ብ»ን፣ ከዚያ የ«ኢ»ን ድምፅ ለብቻው ያስቀምጣል። ተከታይ የሌለው ሳድስ ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ «በላይ» የሚለው ስም 5 ቤት ይሆናል፦ ለ«በ» 2፣ ለ«ላ» 2፣ ለ«ይ» 1።

ነጥቡን አሳንሶ ወረቀት መቆጠብ አይቻልም። ነጥቡ የሚለካው በጣት ጫፍ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጣት አይለየውም። ወረቀቱም የተወጋውን ነጥብ እንዲይዝ ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ተራ የደብተር ወረቀት ይቀደዳል፣ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዳሰስ ነጥቡ ይተኛል። በዚህ ምክንያት ሌላው ተማሪ በብብቱ ሸጉጦት የሚሄደው አንድ መማሪያ መጽሐፍ በብሬይል ሲታተም ብዙ ወፋፍራም ጥራዝ ይሆናል።

አጻጻፉንም ቀረብ ብለን እንየው። ልጁ ወረቀቱን ስሌት በሚባለው ተደራቢ ሰሌዳ መካከል ያስገባና በስታይለስ፣ ማለትም ወስፌ በምትመስል አጭር መውጊያ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል። እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ ነው የሚጽፈው። ሲጨርስ ወረቀቱን አውጥቶ ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ በጀርባው የበቀሉትን ነጥቦች ከግራ ወደ ቀኝ እየዳሰሰ ያነባል። መምህሩ በሰሌዳ የጻፈውን ሌሎቹ በዓይናቸው እያዩ ሲገለብጡ፣ እሱ የሚጽፈው አንድ ሰው ጮክ ብሎ ካነበበለት ብቻ ነው። የሚያነብለት ከሌለ ስሌቱም፣ ስታይለሱም፣ ወረቀቱም በእጁ ሆነው ባዶውን ይውላል።

ስለ ገንዘብ ለመናገር ከዚህ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ወጪ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠየቀው «አንድ አካል ጉዳተኛ ልጅ ስንት ያስወጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው እንዲህ ከቀረበ መልሱ ገና ሳይሰላ ልጁ ሸክም ሆኖ ይታያል። ወጪው ግን የሚመጣው ትምህርቱ ከሚሄድበት መንገድ ነው። ትምህርቱ በዓይን በኩል ብቻ እንዲገባ ተደርጎ ከተዘጋጀ ማየት ለተሳነው ልጅ ሌላ መንገድ መጥረግ ግድ ነው፤ በጆሮ በኩል ብቻ ከሆነም መስማት ለተሳነው እንዲሁ። የምንከፍለው ለመንገዱ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከምሥራቅ ጎጃም የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከቢቸና ብዙ የማይርቀውን ዲማ ጊዮርጊስን ጨምሮ በአካባቢው ያሉት አድባራትና ገዳማት በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት ስማቸው የገነነ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ሰሌዳ የለውም። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ የቆጠረውንም ለየኔታ በቃሉ ይነግራል፤ የኔታም በቃላቸው ያርሙታል። ዓይነ ስውር ልጅ በዚህ ቤት ተጨማሪ ወጪ አልነበረበትም። የሚያስፈልገው ጆሮ፣ ልብና እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ አኮፋዳ ነው። ዓይነ ስውር ሆነው ወንበር የዘረጉ መምህራን በጎጃም ብርቅ ያልሆኑት ለዚህ ነው። ያው ቅኔ ቤት ግን መስማት ለተሳነው ልጅ በሩ ዝግ ነበር። ቤቱም፣ መምህሩም፣ ደግነቱም ያው ሆኖ ለአንዱ ልጅ ወጪው ምንም፣ ለሌላው ደግሞ የማይደረስበት የሆነው መንገዱ በቃልና በጆሮ ስለነበረ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ መንገዱ ወደ ሰሌዳ፣ ወደ መጽሐፍና ወደ ፈተና ወረቀት ዞረ። በዚያው ቀን ዓይነ ስውሩ ልጅ «ውድ ተማሪ» ሆነ። ልጁ ላይ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት፤ ገንዘብ የሚከተለው ቁጥርን ነውና። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኛውን ብዛት ከመቶ 1 ትንሽ ቢበልጥ ነው ያለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የአካል ጉዳተኝነት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል ቁጥር ይሰጣል። ልዩነቱ የመጣው ከአጠያየቅ ነው። ቆጣሪ ደጃፍ ቆሞ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል ብዙ ቤተሰብ «የለም» ይላል፤ አንዳንዱ አፍሮ፣ አንዳንዱም ልጁ ጥቁር ሰሌዳውን ከሦስተኛው ረድፍ ማየት እንደማይችል ራሱ ስላላወቀ። «ለማየት ይቸገራል? ሲጠሩት ለመስማት ይቸገራል? ራሱን ለመንከባከብ ይቸገራል?» ተብሎ አንድ በአንድ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሌላ ነው። በመቶ 1 የታቀደ በጀት በመቶ 10 እና 15 ለሚሆን ፍላጎት እንደማይበቃ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም።

ትምህርት ቤት የደረሱትን ስንቆጥር ደግሞ ሥዕሉ የበለጠ ይከብዳል። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ በወጡት የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ መረጃዎች መሠረት ልዩ ፍላጎት ካላቸው ሕፃናት መካከል በመጀመሪያ ደረጃ የሚማሩት ከመቶ 11 ገደማ ብቻ ነበሩ። በሁለተኛ ደረጃ ከመቶ 3 አይሞሉም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዓይን ማዝ፣ ስለ ትራኮማ፣ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት 62.6 በመቶው ላይ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶ ነበር፤ በአገሪቱ ካሉ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ልጆቹ የሚታወሩ ይመስለዋል። በሽታው የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል፣ የዓይን ቆብን ውስጥ ለውስጥ ያጠባስሳል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ሲፍቅ ኖሮ በጎልማሳነት ብርሃን ይነሣል። ከወንዶች ይልቅ የሚጎዳው እናቶችን ነው። እናት ስትታወር ማን ይመራታል? ዓይናማው ልጅ፣ ብዙ ጊዜም ሴት ልጇ፣ ደብተሯን አስቀምጣ በትር ትይዛለች። ስለዚህ በትምህርት ቤት ግቢ የፊት መታጠቢያ ውኃ ማስገባት፣ ሽፋሽፍት የታጠፈባትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፣ ለማየት ለሚቸገር ልጅ መነጽር ማግኘት ከልዩ ፍላጎት ወጪ ሁሉ ርካሹ ነው። ሒሳቡ ግን የሚወጣው ከጤና በጀት ስለሆነ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የኔ ነው አይለውም፤ ጤናውም የተማሪ ጉዳይ ነው ብሎ አያስበውም።

ሕጉን ባጭሩ ልለፈው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የመደገፍ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ግዴታውን ግን በአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ልክ ወስኖታል። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ የ10 ዓመት መሪ ዕቅድም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተነድፎለታል። የሰነድ እጥረት የለብንም። ችግሩ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ በወረዳ ደረጃ ሲነበብ «ሌላው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ» ተብሎ መተርጎሙ ነው። ሌላው ሁሉ ተከፍሎ የሚያልቅበት ቀን ደግሞ የለም።

ምክንያቱን ለማየት ገንዘቡ ከላይ እስከ ክፍል እንዴት እንደሚወርድ እንከተል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል። ክልሉ በቀመር አስልቶ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል፤ ይህ አሠራር በአማራ ክልል የተጀመረው ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የወረዳው ምክር ቤት የደረሰውን ጥቅል ገንዘብ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለመንገድ ይደለድላል። በትምህርት ከተመደበው ውስጥ አብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነው። ደመወዝ ሊዘገይ ይችል ይሆናል እንጂ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል፤ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ አበል፣ ነዳጅ ሁሉ የሚሻማው በዚህች ነው። ለልዩ ፍላጎት ራሱን የቻለ የበጀት ርዕስ ካልተከፈተለት የሚመጣው ከዚህች ፍርፋሪ ነው ማለት ነው። መጥፎ ሰው ስለተሾመ አይደለም። ርዕስ የሌለው ወጪ ለመቁረጥ ይቀላል፤ ሲቆረጥም ማንም አያየውም።

ወደ ትምህርት ቤቱ በቀጥታ የሚመጣ ሌላ ገንዘብ አለ፤ መምህራን ስኩል ግራንት ይሉታል። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ከዓለም ባንክና ከሌሎች አጋሮች፣ ፊንላንድን ጨምሮ፣ በተሰበሰበ ገንዘብ በተማሪ ቁጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረ ነው። መመሪያው ሲሻሻል ከድጎማው ቢያንስ 2 በመቶው ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች እንዲውል ታዘዘ። ትእዛዙ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን እስኪ እናስላው።

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት 1,000 ተማሪ አለ እንበል። ለአንድ ተማሪ 50 ብር ቢታሰብ ትምህርት ቤቱ 50,000 ብር ያገኛል። 2 በመቶው 1,000 ብር ነው። በትምህርት ቤቱ ልዩ ድጋፍ የሚሹ 20 ልጆች ብቻ ቢኖሩ ለአንዱ ልጅ ለዓመት የሚደርሰው 50 ብር ሆነ። ከመቶ 10 ቢሆኑ ደግሞ 10 ብር።

በሌላ በኩል ፐርኪንስ የሚባለውን የብሬይል መጻፊያ መኪና እንውሰድ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው በዶላር ነው፤ ለስሌት እንዲመች 800 ዶላር እንያዘው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር መኪናው 45,600 ብር ይሆን ነበር። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ በወራት ውስጥ ከ100 ብር እጅግ ዘለለ። በ125 ብር ብናሰላው 100,000 ብር ነው። ያ ትምህርት ቤት 2 በመቶውን ሳይነካ ቢያጠራቅም አንድ መኪና ለመግዛት 100 ዓመት ይፈጅበታል። በአንድ ጉድኝት፣ ማለትም በአንድ የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ቡድን፣ ያሉ 10 ትምህርት ቤቶች ቢያዋጡ እንኳ 10 ዓመት። ያን ጊዜ የ1ኛ ክፍሉ ልጅ 10ኛ ክፍል ደርሷል፤ ወይም ድሮ አቋርጧል።

ከዚህ የምንረዳው 2 በመቶው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለምን እንደሚበቃና ለምን እንደማይበቃ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ለስሌትና ለስታይለስ፣ ለጠንካራ ወረቀት፣ የክፍሉን ደጃፍ ደረጃ ወደ ተዳፋት ለመቀየር፣ የተሰበረ ክራንች ለማስጠገን፣ ለጉዞ ያግዛል። ለመኪና፣ ለመጽሐፍ ኅትመት፣ ለመምህር አይበቃም። እነዚህን ከትምህርት ቤቱ መጠበቅ ገበሬን በጓሮ ማሳው ላይ ግድብ እንዲሠራ እንደ መጠየቅ ነው።

ከሁሉም ትልቁን ወጪ እስካሁን አልጠራሁትም፤ እሱ መኪናም መጽሐፍም አይደለም። የመምህር ጊዜ ነው። በአንድ መደበኛ ክፍል 50 ተማሪ አለ እንበል፤ የመምህሩ ደመወዝ ለ50 ይካፈላል። መስማት ለተሳናቸው በተከፈተ ልዩ ክፍል 10 ልጆች ቢኖሩ ያው ደመወዝ ለ10 ይካፈላል። የአንዱ ልጅ ድርሻ 5 እጥፍ ሆነ፤ ለመምህሩ ግን አንድ ሳንቲም አልተጨመረለትም። በቀመር የሚያከፋፍል ሰው ሰንጠረዡን ሲያይ «5 እጥፍ» የሚለው ያስደነግጠዋል። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ቢያይ ግን ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ጀርባውን ለተማሪ ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ መናገር አይችልም። መጻፉን ያቆማል፣ ይዞራል፣ ሁሉም ዓይኖች እሱ ላይ መሆናቸውን ያያል፣ ከዚያ በእጁ ይናገራል። አንዱ ልጅ አንገቱን ካዞረ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ አጥቶታል። 50 ልጅ በዚህ ዓይነት ማስተማር የሚቻል አይደለም።

ይህ መምህር እንደ ሌላው መምህር በቀላሉ አይተካም። የልዩ ፍላጎት መምህራንን በማሠልጠን ከሚታወቁት መካከል የሰበታ ኮሌጅ አንዱ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በልዩ ፍላጎት ትምህርት ብዙ ባለሙያ አፍርቷል፤ የምልክት ቋንቋንም በዲግሪ ያስተምራል። ሠልጥኖ ቢቸና ወይም ሞጣ የተመደበ አንድ መምህር በሁለተኛ ዓመቱ ወደ ባሕር ዳር ቢዛወር ወረዳው ያጣው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ መምህሩን የሚያቆይ ነገር፣ ቤት ይሁን የደረጃ ዕድገት ወይም ተጨማሪ አበል፣ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚከፈል ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤተሰቡ ወጪስ? በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይገኝም። የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት ብሬይል የሚያውቅ ወይም በምልክት የሚያስተምር መምህር ከሌለው ልጁ ከተማ መግባት አለበት። ከተማ መግባት ማለት ኪራይ ነው፣ በየሳምንቱ ከቤት የሚላክ ስንቅ ነው፣ የሚመራው ወይም የሚጠብቀው ታናሽ ወንድም ነው። አባት በአንድ ልጅ ትምህርት ሁለት እጅ ጉልበት ከእርሻው ያጣል። በአንዳንድ ቦታ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በወር ጥቂት ብር ይሰጣል፤ ያች ብር ትንሽ ብትሆንም ብዙ ልጅ ከመለመን አድናለች፣ ብዙ ልጅም ዩኒቨርሲቲ አድርሳለች።

እዚህ ላይ በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ሁሉ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ቋጠሮ አለ። ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መዲና ናቸው። ከተማው የራሱ አስተዳደርና የራሱ በጀት ሲኖረው፣ ከገጠሩ ወረዳ መጥቶ በከተማው ትምህርት ቤት የሚማር አካል ጉዳተኛ ልጅ የማን ነው? ቤተሰቡ ግብር የሚከፍለው ለወረዳው፣ የሚማረው ከከተማው። ለሌሎች ተማሪዎች ይህ ጥያቄ አይጎላም፤ አንድ ወንበር ቢጨመር ነው። ልዩ ክፍል የከፈተ ከተማ ግን ከዙሪያው ወረዳዎች ሁሉ ልጅ ይመጣበታል፤ ደግ በሠራ ቁጥር ወጪው ይበዛል። ያልከፈተው ጎረቤት ደግሞ ምንም አያወጣም። ይህ እንዲቀጥል መተው ደጉን መቅጣት ነው። መፍትሔው ልጁን መመለስ አይደለም፤ ገንዘቡ ከልጁ ጋር እንዲመጣ ዞኑና ክልሉ መሐል ገብተው ማቻቻል አለባቸው።

«ገንዘቡ ከልጁ ጋር ይምጣ» ስል ግን በሌላው ዓለም የታየውን አደጋ መናገር ግዴታዬ ነው። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ በስሙ የተቆጠረ ገንዘብ ትሰጥ ነበር፤ ልጁ በሄደበት ሁሉ ስለሚከተለው «የጀርባ ቦርሳ» ይሉት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልዩ ፍላጎት አለው ተብሎ የሚመዘገበው ልጅ ቁጥር እየናረ ሄደ። ስም መለጠፍ ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ ስም ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሠራሩን ትተው የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች በጋራ ለሚያስተዳድሩት ቋት መስጠት ጀመሩ። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ተጨማሪውን ወጪ ለመሸፈን የማዕከላዊው መንግሥት ድርሻ ከአንድ ተማሪ አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ እንደሚሆን ቃል ገብታ ነበር፤ ቃሏን ግን እስከ ዛሬ አልሞላችም። ሀብታም አገርም ቢሆን ርዕሱን በሕግ ካላሰረው ይሸራርፈዋል።

በእኛ አገር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጥራት ማሻሻያው ፕሮግራም አዲስ ምዕራፍ የተሞከረው ወደ ኔዘርላንዱ ሁለተኛ መንገድ የቀረበ ነው። በጉድኝት ማዕከል ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ይቋቋማል፤ ሪሶርስ ሴንተር ይባላል። ማዕከሉ ተጨማሪ ድጎማ ያገኛል፣ መሣሪያ ይይዛል፣ የሠለጠነ መምህሩም እየተዘዋወረ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ያግዛል። ሐሳቡ ለገጠር እጅግ ተስማሚ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት በ100 ዓመት የማይገዛውን መኪና ጉድኝቱ በጋራ ይጠቀምበታል። ድክመቱ መንገዱ ላይ ነው። ተዘዋዋሪ መምህር የሚዘዋወረው በእግሩ ከሆነ፣ አበልም ካልታሰበለት፣ ማዕከሉ የተቆለፈ ክፍል ይሆናል። መሣሪያ የገዛ በጀት ለሞተር ብስክሌት ቤንዚን ካልያዘ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

እንግዲህ ማን ምን ይክፈል? የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የብሬይል መጽሐፍ ክልሉ ያትመው። ማሳተሚያ ማሽኑና ዝግጅቱ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ለ3 ልጅ ቢታተም እሳት ነው፣ በክልሉ ላለ ዓይነ ስውር ተማሪ ሁሉ ቢታተም ግን ለአንዱ የሚደርሰው ይወርዳል። 3 ዓይነ ስውር ተማሪ ያለው ወረዳ ብቻውን ማሳተም አይችልም፣ እንዲያሳትምም ሊጠበቅበት አይገባም። ከውጭ የሚገቡ መሣሪያዎችም በክልል ደረጃ በአንድነት ይገዙ። የመምህሩ ደመወዝና ማቆያ የወረዳው ይሁን፤ ክልሉ ግን ለወረዳዎች በሚያከፋፍልበት ቀመር ላይ ልዩ ክፍል ላለው ወረዳ ክብደት ይጨምርለት። የልጁ ኪራይና የወር ድጎማ ልጁ ከመጣበት ወረዳ ይከፈል። ጥቃቅኑ ሁሉ ለትምህርት ቤቱ ይተው፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሒሳቡን በግድግዳ ላይ ይለጥፍ። አዲስ ለሚሠራ ክፍልና መጸዳጃ ቤት ደግሞ የሕንፃ ሕጉ አካል ጉዳተኞችን ታሳቢ ማድረግን ያስገድዳል፤ ተዳፋት ከመሠረቱ ሲሠራ ጥቂት ሲሚንቶ ነው፣ በኋላ ሲጨመር ማፍረስ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያለንበትን ዘመን ረስቼ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚህ አላመለጠም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ብሬይል ወረቀት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዓይናማው ልጅ ያለችውን መጽሐፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነባል፤ መስማት የተሳነው ልጅ ግን በምልክት የሚያናግረው ሰው ከክፍሉ ውጭ ላይኖር ይችላል፤ ለእሱ የተዘጋው ትምህርት ብቻ ሳይሆን ንግግርም ነው። በጥይትና በፍንዳታ አካሉ የጎደለ ልጅም ነገ በዚያው በር ይመጣል። ተመልሰው የሚከፈቱት ክፍሎች ሲጠገኑ ደጃፉን ተዳፋት ማድረግ ከደረጃ ብዙም አይወደድም፤ በጀቱ እንደ አዲስ ሲቀረጽም አንድ ርዕስ መጨመር ያኔ ይቀላል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጽሕፈት ቤቶች ፍላጎታቸውን የሚያሰባስቡት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ምክር ቤቱ ካጸደቀ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ለከርሞ ይተላለፋል። እርስዎ የምክር ቤት አባል ከሆኑ በዚያ ስብሰባ ላይ «ለልዩ ፍላጎት ትምህርት የተያዘው ገንዘብ በየትኛው ርዕስ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ርዕስ የለውም ከተባለ እንዲከፈት ያስመዝግቡ። ርዕሰ መምህር ከሆኑ በዓመታዊው የመረጃ ቅጽ ላይ ያለውን የአካል ጉዳት ሰንጠረዥ ዜሮ አድርገው አይለፉት፤ በየክፍሉ ይግቡና ከፊት ረድፍ የማይለየውን፣ ሲጠሩት የማይዞረውን ልጅ ቆጥረው ይሙሉት። ወላጅ ከሆኑ ደግሞ ልጅዎን ቤት አያስቀምጡት። ወስደው ያስመዝግቡት፤ ምን እንደሚቸገርም በግልጽ ይንገሩ፣ ሲጻፍም ይዩ። ምዝገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ነሐሴ ውስጥ ነው።